ማስተካከያ፦ «አረቄን በአንድ ቀን ቁረጡት» ስላልኩት

ባለፈው ስለ መጠጥ ስጽፍ «የቆረጠ ሰው በአንድ ቀን ይተወዋል፤ አረቄውን ዛሬውኑ ጣሉት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ስህተቱም ቀላል አይደለም።

ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይረበሻል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በ48 ሰዓት ውስጥ ጥሎት ሊያንፈራግጠው ይችላል። ቅዠትም ሊመጣበት ይችላል፤ የሌለ ነገር ይታየዋል። ካልታከመ ሊሞትም ይችላል።

እዚህ ጎንደር አራዳ አካባቢ ማለዳ አረቄ ቤት ገብቶ መለኪያውን በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው አይታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያዋን ግማሹን ያፈሳታል። በሦስተኛዋ እጁ ይረጋል። እኔ «የጎንደር ብርድ ነው» እል ነበር። ብርድ አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበል ለመግባት ያሰበም ቢሆን ቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሌላም አለ። መጠጥ ለመሸጥ የዕድሜ ገደቡ 18 ነው ብዬ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው።