ፊቱ ለእንግዳ፣ ኋላው ለእግዜር

የአዲስ አበባ ሰው መታጠቢያ ቤት ሲያጸዳ ያላየ ጥበብ አየሁ አይበል። መጀመሪያ መስታወቱ ይወለወላል። ቀጥሎ ሲንኩ፣ እሱም ከላይ ከላይ። ከዚያ የሽንት ቤቱ ክዳን፣ ሲዘጋ በሚታየው በኩል ብቻ። በመጨረሻ በረኪና ወለሉ ላይ ቸለስ ይደረግና በሩ ገርበብ ይላል። ቡናው ሳይፈላ ሁሉም ነገር አልቋል። ሽታው ደረጃውን ወርዶ ዘበኛው ጋ ይደርሳል። ሰፈሩ ሁሉ "ዛሬ እነ እንትና ቤት ጽዳት ነው" ይላል። ከዚህ በላይ ንጽሕና ከየት ይምጣ?

ይህን ልማድ ስንፍና የሚሉት አሉ። ምቀኞች ናቸው። ሰነፍማ ቢሆን መስታወቱንም አይወለውልም ነበር። ይሄ ስሌት ነው። እንግዳ ቆሞ ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ፀጉሩን በመስታወት አይቶ ይወጣል። ተንበርክኮ ከመቀመጫው ኋላ የሚያይ እንግዳ የት አለ? ካለም እንግዳ ሳይሆን ኦዲተር ነው። የጥንቶቹ "ውስጡን ለቄስ" ብለው አለፉት። እኛ ሥልጡኖቹ ኋላውንም፣ ስሩንም፣ ጠርዙንም ጨምረን ለእግዜር አስረከብን።

የመሃል ከተማ ካፌዎቻችን ጥበቡን ከፍ አድርገውታል። በስታዲየምና በአራት ኪሎ መካከል አንዱ ጋ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ካሸሯ ጋር ነው። ሰው ኪሱ ከቶት እንዳይሄድ ክንድ በሚያህል እንጨት ላይ ታስሯል። ውስጡ ሆቴል ነው ቢባል ማንም ያምናል። መስታወቱ ዙሪያውን ይበራል። ቧንቧው ወርቃማ ነው። የወርቃማው ቧንቧ እግር ግን፣ ሲንኩን በሚነካበት በኩል፣ ነጭም አረንጓዴም የሆነ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍሬ ልፋቅ ብዬ ሞከርኩ። ጥፍሬ ተሰበረ። በሩ ጀርባ ደግሞ የጽዳት መቆጣጠሪያ ወረቀት ተለጥፏል፤ በየሰዓቱ ይፈረምበታል። እኔ የገባሁት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ፊርማው እስከ ማታ 1 ሰዓት ድረስ ተሞልቷል። ሥራን በጊዜ መጨረስ ይሏል እንዲህ ነው!

ቅርፊቱን ደግሞ እንዳትንቁት። ውሃ ውስጥ ካልሲየም አለ። የጉድጓድ ውሃ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይበዛበታል። ጠብታው ይደርቃል፣ ካልሲየሙ ይቀራል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። የሚጠራቀመው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም የኖራ ድንጋይ። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ ፈልፍሎ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያወጣው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ያንን ለማየት ስንቱ ሰው ረጅም መንገድ ይደክማል! እኛ ደግሞ ቤታችን ቁጭ ብለን፣ አንድም እጅ ሳናሳርፍበት፣ የራሳችንን እያሳደግን ነው።

ለዚህ ድንጋይ ያለን መልስ በረኪና ነው። በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ያነጣል። ድንጋዩን ግን አያሟሟውም። ምን ችግር አለው? ነጭ ድንጋይ ከቡናማ ድንጋይ ይሻላል። የሚያሟሟው አሲድ ያለው ነገር ነው፤ ኮምጣጤ፣ ሎሚ። እሱ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል።

እኛ ፎቅ ላይ አንዲት ትዕግሥተኛ ሴት አለች። ፌስታል ውስጥ ኮምጣጤ ታደርግና የሻወሩን ራስ ነክራ በገመድ አስራ ትቆያለች። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፈትገዋለች፤ የተደፈኑት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይከፈታሉ። የቧንቧው እግር ላይ ኮምጣጤ የጠጣ ጨርቅ ትጠመጥማለች። የቧንቧውን አፍ ፈትታ ውስጡ ያለችውን ወንፊት አውጥታ አሸዋውን ታራግፋለች። ይባስ ብላ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ብሎን ፈትታ ማጠፊያው ስር ያለውን ታጥባለች። ብሎን ፈቶ የሚያጸዳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰፈሩ ለባሏ ያዝናል። "ምን ሆና ነው? ጤናም የላት!" ይባላል።

ከእሷ በተቃራኒ የቆሙ ጀግኖችም አሉ። ኮምጣጤውንም በረኪናውንም አንድ ባልዲ ውስጥ ይቀላቅላሉ። "ሁለቱ ከተገናኙ ኃይሉ ይጨምራል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይጨምራል። ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ በወታደር ላይ የለቀቁት እሱን ነው። አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል ያው ነው። እያሳለ፣ ዓይኑ እያለቀሰ ከመታጠቢያ ቤት የወጣ አንድ ወዳጄ "አቤት ሲያጸዳ!" ብሎኛል።

አንዳንዱን ደግሞ ውሃው ራሱ ያግዘናል። ውሃ በፈረቃ ነው። በማይመጣበት ቀን ከጀሪካን ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ሽንት ቤት ነው። ባልዲው ሲደፋ ውሃው መሃል ለመሃል ይወርዳል። ጠርዙ ስር የተደረደሩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጠብታ አይደርሳቸውም። ቀስ በቀስ ይደፈናሉ። ውሃው በተራው ሲመጣ በሁለቱ በኩል ብቻ ይንጠባጠብና "ግፊት የለውም" ተብሎ ይታማል። ትንሽ የእጅ መስታወት ጠርዙ ስር አስገብታችሁ ብታዩ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ። ወይም ይቅርባችሁ። ምሳ በልታችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ከሲንኩ ስር ያለችው ጉልበቷ የታጠፈ ቱቦም አለች። ሆዷ ውስጥ ውሃ ቋጥራ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ የምትከለክል እሷ ናት። ውሃው ደርቆባት ወይም ፀጉርና ሳሙና ተጠቅጥቆባት ስትቸገር ቤቱ ይሸታል። ያኔ ሰንደል እንለኩሳለን። ሲብስ ሁለት ሰንደል።

ከተማውስ ቢሆን ከማን ያንሳል? አስፋልት ዳር ያለው ሕንፃ ፊቱን ተቀብቶ፣ ማታ ማታ በመብራት አሸብርቆ ይታያል። በጓሮ በኩል ዞራችሁ ያያችሁት እንደሆነ እናንተም ነገር ፈላጊ ናችሁ።

እርግጥ ስሌቱ አንዳንዴ ይስታል። ጎረቤት ቤት ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን፣ መታጠቢያ ቤቱ ከላይ እንደተናገርኩት አብረቅርቋል። አዲስ ፎጣ ተሰቅሏል፤ ማንም እንዳይነካው የቤቱ ልጆች ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገቡና ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ መነጽራቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ነው።

"ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አለች የልጅቷ እናት ብድግ ብላ።

"ምንም አልሆንኩ ልጄ። መነጽሬ ከመቀመጫው ኋላ ወድቆብኝ ነው። እግዜር ይመስገን አገኘሁት።" ትንሽ ዝም አሉ። "ብቻውን ግን አልነበረም።"

ከመነጽራቸው ጋር የፀጉር ማስያዣ፣ የሻምፑ ክዳን፣ ያለቀ የሳሙና ስባሪና ቀለሙ የማይለይ ካልሲ ወጥቷል። ልጅቷ ግን ተሰጠች። እሳቸውም ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ትንፍሽ አላሉም። ገበና ሸፋኝ ሰው ናቸው። (ወሬው እኔ ጋ እንዴት ደረሰ አትበሉ፤ ያው እናትየው ራሷ ናት የነገረችን።)

ከሁሉ የማደንቀው ግን መታጠብ ያለበትን መቀየር ነው። የሻወሩ ውሃ በየአቅጣጫው ሲረጭ፣ አንዱ ግድግዳውን አንዱ ጣሪያውን ሲመታ፣ ባለሙያ ይጠራል። እኅቴ ቤት እንዲሁ ተጠራ። ልጁ ሻወሩን ፈቶ ብርሃን ላይ አየው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ አልተበላሸም። ቀዳዳው ተደፍኖ ነው። ኮምጣጤ ውስጥ ትንሽ ቢቆይና በመርፌ ነካ ነካ ቢደረግ…"

"ተወው ባክህ፣ ማን ሊያጥበው! አዲስ አስመጥቻለሁ ከመርካቶ፣ እሱን ግጠምልኝ።"

ገጠመላት። የእውነት ያምራል፣ ሳህን የሚያክል ነው።

"አሮጌውን ልጣለው?"

"ምን ቆርጦህ! አንድ ቀን ያስፈልጋል። እዚያ ከሽንት ቤቱ ኋላ ወሽቅልኝ።"

ልጁ ጎንበስ አለ። ቆይቶ ቀና አለ።

"እትዬ፣ ቦታ የለም። ከዚህ በፊት የተቀየሩት ሁለቱ እዚህ አሉ።"