ማስተካከያ፦ "ቺ" ሰው ሳይነካ ይጥላል ስለሚለው ፖስት

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ሼር እየተደረገ ያለው "የቻይና ማስተሮች ቺ በሚባል ኃይል ሰው ሳይነኩ ይጥላሉ፣ ጦርም በጉሮሯቸው ያጎብጣሉ" የሚለው ፖስት ትክክል አይደለም።

ቺ በቻይናዎቹ አስተሳሰብ ከመዳፍ የሚወጣ ጨረር ምናምን ሳይሆን እስትንፋስም አየርም ሆኖ ሁሉ ነገር የተሠራበት ነገር ነው፣ የጥንቱ የቻይና ፈላስፋ የዙዋንግዚ ጽሑፍ ቺ ሲሰበሰብ ሕይወት ነው ሲበተን ሞት ነው ይላል፣ ባህላዊ ሕክምናቸውም አኩፓንክቸሩን (በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠውን ሕክምና) ጨምሮ እዚሁ ላይ የቆመ ነው። የታይ ቺ (በዝግታ የሚሠራ የቻይና ማርሻል አርት) አሠልጣኝ "ቺህን ወደ ታች አውርድ" ሲልህ ደግሞ ባብዛኛው ትከሻህን ልቀቅ፣ በሆድህ ተንፍስ፣ እግርህን አደላድል ማለቱ ነው።

ሳይነኩ መጣል የሚሠራው እነሱው ባሠለጠኗቸው ተማሪዎች ላይ ነው (አይገርምም?)። በኤፕሪል 2017 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ቼንግዱ ከተማ ላይ የታይ ቺ ማስተር ነኝ ያለው ዌይ ሌይ ከኤምኤምኤ (ቅይጥ ማርሻል አርት) ተፋላሚው ሹ ሺያዎዶንግ ጋር ገጥሞ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ቪዲዮውም የዜና ዘገባውም አለ።

ጦሩስ? እንጨቱ ተጣጣፊ ነው፣ ጫፉም ብዙ ጊዜ ደነዝ፣ አንዴ መጉበጥ ከጀመረ ጉሮሮ ላይ የሚያርፈው ግፊት ብዙም አይጨምርም፣ ፊዚክስ ነው በቃ። ግን ጠንካራ ዘንግ ወይ የተሳለ ጫፍ ይዞ ቤት ውስጥ የሞከረ ልጅ መተንፈሻ ቱቦውን ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ፖስቱን ለወጣቶች የላካችሁ ይሄንንም ላኩላቸው።