ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ሳሩን አይደለም

«አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልትሸጡ ከሆነ ግቢውን በሙሉ ሳር አልብሱት፣ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። እኛ ሰፈር ቤት ሊያይ የሚመጣ ሰው ገና በሩ ሲከፈት የሚጠይቀው «ስንት መኪና ያስገባል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ሮቶው የት እንዳለ ያያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በጋውን ሙሉ ውሃ የሚጠጣ ሳር ሸክም ነው፤ ገዢውም ያውቀዋል። ክረምት ላይማ የማን ግቢ ነው አረንጓዴ ያልሆነ? «ዛፉን በሙሉ ቁረጡት፣ ግቢው ሰፊ ይመስላል» የምትለው ወንድሜ ደግሞ፣ ኧረ ተው! ፍሬ የያዘ አቮካዶ ያለበት ግቢ እኮ ገዢውን ግማሽ መንገድ ያመጣዋል። መቆረጥ ያለበት አጥሩ ወይም ሴፕቲክ ታንኩ አጠገብ የተተከለው የጎማ ዛፍ ነው። ሥሩ ግንብ ይሰነጥቃል፣ ንጣፍ ያነሳል። ነቃ ያለ ገዢ ያንን ካየ ዋጋ ማውረጃ አገኘ ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለመኪና የሚበቃውን ድንጋይ አንጥፉ፤ አጥሩን ተከትላችሁ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ትከሉ። የጥብስ ቅጠል አንዴ ሥር ከያዘ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ጥግ ላይ አንድ ኮባ ጨምሩ፤ ገዢው እናቱን ይዞ ከመጣ ድፎ ዳቦው ትዝ ብሏቸው ቅጠሉን ሳይነኩ አያልፉም። የፕላስቲክ ሳሩን ግን እርሱት፤ ፀሐይ ሲመታው በባዶ እግር አያስረግጥም፣ አቧራውም ውስጡ ይቀራል።