ይድረስ ለአንድ ሌሊቱ ሐኪማችን

ጉዳዩ፦ ፊርማ ስለመለመን

ክቡር ዶክተር፣ ጤና ይስጥልን። ቀን ሌላ ሆስፒታል ውለው ማታ ለዲዩቲ ወደኛ ስለሚመጡ ምስጋናችን የላቀ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚሉ ሰዎች እርስዎን ስላላዩ ነው፤ እርስዎ ወጥተው እዚያው ይተኛሉ።

ርክክብ የሚባለውን ነገር አንነካካውም። እርስዎ ሲደርሱ የቀኑ ሐኪም ወደ ራሱ ዲዩቲ በርሯል። ካርዱ ግን አለ፤ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ይላል። እርስዎ ሽፋን አያነቡም፣ ኦግመንቲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ያዝዛሉ። ውስጡ ያለው አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘር መሆኑን ስናስታውስዎ «ሲስተርዬ፣ እዚህ ሐኪሙ ማነው?» ይሉናል። ሌሊቱን ሙሉ በር እያንኳኳን የምንጠይቀውም እሱኑ ነው።

ስለ እጅ ጽሕፈትዎም ትንሽ እንበል። ኢንሱሊን ሲያዝዙ «10» ይጽፉና ዩኒት ለማለት «ዩ» የምትባለዋን የፈረንጅ ፊደል ይለጥፉበታል። ፊደሏ አናቷ ከተገጠመ ዜሮ ናት፤ 10ሩ 100 ሆኖ ቁጭ ይላል። የኢንሱሊን ሲሪንጁም «ኧረ በዛ» አይልም፤ ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ልክ 100 ዩኒት ይይዛል። ስለዚህ ቃሉን ሙሉውን ይጻፉልን። ግማሽንም 0.5 ይበሉት፤ ፊቷ ዜሮ የሌላት ነጥብ ከወረቀቱ እድፍ ጋር ስትመሳሰል ግማሹ አምስት ሆኖ ያድራል።

የስልክ ትዕዛዝዎ ደግሞ ለብቻው ደብዳቤ ይገባዋል። «ፖታሲየም ስጪው» ይሉና ይዘጋሉ። በስንት ፈሳሽ? በስንት ሰዓት? ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል፤ የልብ ምት የሚከታተል ሞኒተር በሌለበት ዋርድ በሰዓት ከ10 ሚሊኢኩቫለንት (የፖታሲየም መለኪያ ነው) በላይ አይሄድም። የስልክ ትዕዛዝ ወግ አለው፦ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን፣ መልሰን እናነብብልዎታለን፣ እርስዎ «ልክ ነው» ይላሉ። ማንበብ ስንጀምር የሚሰማን ማንኮራፋት «ልክ ነው» ማለት ይሁን አይሁን እስካሁን የወጣ መመሪያ የለም።

ከሁሉ የምትብስብን ግን «ቀጥይ» የምትለዋ ትዕዛዝዎ ናት። ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም) ያለባት እናት ማንቀጥቀጡን የሚያስቆመውን ማግኒዚየም ሰልፌት ጀምራለች እንበል። ቀጣዩ 5 ግራም በጡንቻዋ ከመወጋቱ በፊት ጉልበቷን መታ ሲያደርጓት እግሯ መንጠር አለበት፤ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ማነስ የለበትም፤ ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ማግኒዚየሙ የሚወጣው በኩላሊት ነውና ሽንት ከቀነሰ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ የጉልበቱ ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ። ማርከሻው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋዋ አጠገብ ተዘጋጅቶ ያድራል። «ቀጥይ» ሽንት አትለካም፣ ጉልበትም አትመታም። እኛ ለክተን «ሽንቷ ቀንሷል፣ ይነሱና ይዩዋት» ስንልዎ ደግሞ ነርሶቹ ይጨቀጭቃሉ ይባላል። እንጨቀጭቃለን።

ሐሜት እንዳይመስልዎ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ወደ እንግሊዝ ለዲዩቲ የበረረ አንድ ሐኪም በመጀመሪያ ተራው ቀን ለ70 ዓመት ታካሚ 100 ሚሊ ግራም ዲያሞርፊን የተባለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ወጋ። ከሚመከረው ከፍተኛ መጠን 10 እጥፍ ነው፤ ሰውየው ሞቱ። ሐኪሙ ደክሞት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሥራው ቤት ለቤት ስለነበር «ዶክተር፣ እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጨቅጫቃ ነርስ አጠገቡ አልነበረም።

አሁን ወደ ልመናችን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እርስዎ ታክሲ ውስጥ ነዎት። የሰጠነውን መድኃኒት የምንመዘግብበት ሜዲኬሽን ሺት ላይ የኛ ስምና ሰዓት አለ፤ የእርስዎ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ኦርደር ሺት ግን ባዶ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር ወረቀቱ የሚመሰክረው ነርሷ ያለ ትዕዛዝ መድኃኒት እንደሰጠች ነው። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ በስልክ ያዘዙትን ሳይፈርሙ ከወጡ በር ላይ ካርድ ይዘን እንቆማለን፤ የተጠራጠርነውን መድኃኒት አንሰጥም፣ ሲኒየሩን እንጠራለን፣ የጠራንበትንም ሰዓት እንጽፋለን። እስክሪብቶ ከኛ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሌሊት ተረኛ ነርሶች

ግልባጭ፦
ለሜዲካል ዳይሬክተር (የሥራ ፈቃዳቸው ኮፒ ፋይላቸው ውስጥ እንዲገባ)
ለፋርማሲ (ጽሕፈታቸውን በግምት ማንበብ እንዲቀር)
ለዲዩቲ ክፍሉ በር (ሲንኳኳ እንዲከፈት)