ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት፦ ለቁጠባ ብላችሁ አትጀምሩት

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «የጥይት ዋጋ አልቻልኩትም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴ ብሞላውስ?» የሚል ነው። የሚጠይቁኝ አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ኢላማ ተኩስ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም ኅዳር ሲገባ አጋዘን ያድናሉ። መልሴ አጭር ነው። ከወደዳችሁት ጀምሩት፤ ለቁጠባ ብላችሁ ግን አትጀምሩት። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ከናስ የተሠራው ቀለህ፣ ከፊት የሚወጣው አረር፣ ውስጥ ያለው ባሩድ፣ ከቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባውና ስትመታ እሳት የምትሰጠው ትንሿ ፕራይመር። ጥይቱ ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፤ ባሩዱና ፕራይመሯ ይነዳሉ። ቀለሁ ግን ይቀራል። ቀለሁ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የነደደችው ፕራይመር ትወጣለች። በተኩሱ ግፊት የተለጠጠው ቀለህ ወደ ልኩ ይመለሳል። አዲስ ፕራይመር ይገባል፤ የተመዘነ ባሩድ ይጨመራል፤ አረሩ ይተከላል።

ጥይትን እንደ ውድ ዕቃ መያዝ ለኛ አዲስ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ሲበዛ፣ ከአሞሌው ጎን የውጅግራ ጠመንጃ ጥይትም ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። ያኔ ጥይት በዋዛ የሚባክን ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ብዙ ሰው የሚተኩሰው 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው። ይሄ ጥይት በብዛት ስለሚመረት ፋብሪካው ከናንተ ጋር የሚፎካከረው በሳንቲም ነው። ባሩዱ ብዙም አያስወጣም። አንድ ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬን ነው። ሽጉጥ በአንድ ጥይት የሚፈልገው ጥቂት ግሬን ስለሆነ ከአንድ ጣሳ ከሺህ በላይ ጥይት ይወጣል። ወጪው አረሩና ፕራይመሯ ላይ ነው። እነሱን ደምራችሁ ከመደብሩ ዋጋ ስትቀንሱ የሚተርፋችሁ ጥቂት ሳንቲም ነው። በአንድ ጥይት 5 ሳንቲም አተረፋችሁ እንበል። በእጀታ ለሚጫነው ማሽን ለፕሬሱ፣ ለሚዛኑ፣ ፕሬሱ ላይ ተገጥሞ ቀለሁን ወደ ልኩ ለሚመልሰው ለዳዩና ለመለኪያው 400 ዶላር ካወጣችሁ ገንዘባችሁ የሚመለሰው 8,000 ጥይት ከሞላችሁ በኋላ ነው። ያውም የሰዓታችሁን ዋጋ ሳንቆጥር። ጥይት ረከሰ ብሎ ሰው ድሮ ከሚተኩሰው በላይ መተኮሱም አይቀርም። እውነተኛ ቁጠባ ያለው ትልልቅ የአደን ጥይቶች ላይና መደብር ላይ በቀላሉ በማይገኙ የድሮ ጠመንጃዎች ላይ ነው። የአንዷ ዋጋ ከ2 ዶላር በላይ ሲሆን ልዩነቱ ይታያል።

ገበያውም አይታመንም። 2020 እና 2021 ላይ ጥይት ከመደርደሪያ ሲጠፋ «ቤት ሞልቼ እገላገላለሁ» ብለው ማሽን የገዙ ብዙ ነበሩ። ፕራይመር ግን አብሮ ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ ፕራይመር በብዛት የሚያመርቱት በጣት የሚቆጠሩ ድርጅቶች ናቸው። እነሱም ራሳቸው ጥይት ስለሚሸጡ መጀመሪያ የራሳቸውን ጥይት ይሞላሉ። ያኔ ማሽን ኖሯቸው የሚሞሉት ያጡ ሰዎች ነበሩ።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ኪሳራው አይደለም። ለቁጠባ የሚሞላ ሰው ይቸኩላል። ብዙ በሠራ ቁጥር ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል። ይህ ሥራ ደግሞ ችኮላን ይቅር አይልም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በብዙ የሽጉጥ ጥይቶች ውስጥ ባሩዱ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስልክ ጮኸ፤ ዞር አላችሁ። ተመልሳችሁ ያንኑ ቀለህ ድጋሚ ሞላችሁት እንበል። አይፈስም፤ አረሩም ያለ ችግር ይገባል። ከላይ ስታዩት ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። እጃችሁ ላይ እስኪፈነዳ ድረስ ምንም የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ለጀማሪ፣ ዕጥፍ ቢጨመርበት ከቀለሁ አፍ የሚፈስ፣ ቦታ የሚይዝ ባሩድ መምረጥ ትልቅ ዋስትና ነው። አረር ከመትከላችሁ በፊትም ቀለሆቹን መያዣ ላይ አቁማችሁ በባትሪ አንድ በአንድ እዩአቸው። አድካሚ ነው። ግን ከዚህ ሥራ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይሄንን ነው።

ተቃራኒውም አለ። ባሩድ ሳይገባበት የቀረ ጥይት ሲተኮስ የሚሰማው ድምፅ ደካማ ነው። ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ መሃል ላይ ትተወዋለች። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ቀጣዩን ከተኮሰ አፈሙዙ ተዘግቷል፤ ግፊቱ መውጫ የለውም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ድምፁ ከለመዳችሁት ከተለየ ወይም መሣሪያው እንደወትሮው ካልገፋችሁ፣ አቁሙ። ጥይቱን አውጡ፤ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን በዐይናችሁ ሳታረጋግጡ ምላጭ አትሳቡ።

ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁልጊዜ ባለ አንድ ደረጃ ፕሬስ የምለው። እጀታውን አንዴ ሲጫኑት አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። ሃምሳውን ቀለህ መጀመሪያ ወደ ልኩ ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ ለሃምሳውም ፕራይመር ትከታላችሁ፤ ከዚያ ባሩድ። ቀርፋፋ ነው። ቀርፋፋነቱ ግን እያንዳንዷን ጥይት ደጋግማችሁ በእጃችሁ እንድትይዙ ያደርጋችኋል። ፕሮግሬሲቭ የሚባለው ማሽን በአንድ ጭነት አራት አምስት ሥራ ይሠራል፤ በሰዓት መቶዎችን ያወጣል። በየሳምንቱ ውድድር ላይ ለሚተኩስ ሰው ትክክለኛ ዕቃ ነው። ጀማሪ ግን አምስት ነገር እኩል መከታተል አይችልም። ሻጩ ምንም ቢላችሁ እሱን ለኋላ አቆዩት።

ከመሬት ላይ የምትለቅሙትን ቀለህም ለዩ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ቦክሰር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከውስጥ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው። በርዳን የሚባለው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው። የተለመደው ዳይ ፕራይመሩን አያወጣውም፤ ፕራይመር የሚገፋበት መርፌም ይሰበራል። ከውጭ የሚገባው የድሮ የክላሽ ጥይት አብዛኛው በርዳን ነውና እሱን ተዉት። የሚገርመው፣ ሁለቱም የ1866 ፈጠራዎች ናቸው። አሜሪካ የያዘችው የእንግሊዛዊውን የቦክሰርን ነው፤ የአሜሪካዊው የበርዳን ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ።

አሁን በተለይ ለኛ ሰው የምለው አለ። እኛ በእጃችን ነው የምንበላው። እንጎራረሳለን። የተተኮሰ ቀለህ ደግሞ የእርሳስ ብናኝ አለበት። ብናኙ ከአረሩ ብቻ ሳይሆን ከፕራይመሯም ይመጣል። እርሳስ ለማንም አይበጅም፤ ለሕፃን ደግሞ «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ይህ ሥራ አይሠራም። ማታ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ቢሆንም አይሆንም። ጋራዥ ወይም በሩ የሚቆለፍ ክፍል ያስፈልጋል። ቀለህ የምታጥቡት በኩሽና ድስት አይሁን። በደረቅ ማሽን ቤት ውስጥ ከማንጓጓት በውሃ ማጠብ ይሻላል፤ ብናኙ አየር ላይ አይወጣም። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና እጠቡ፤ ልብሳችሁን ቀይሩ፤ ከዚያ ልጃችሁን እቀፉ።

ባሩዱንም ከከሰሉ፣ ከዕጣኑ፣ ከምድጃው አርቁ። ቡና በሚፈላበት ክፍል ባሩድ አይቀመጥም። በመጣበት ጣሳ ውስጥ ይቆይ። ያ ጣሳ እሳት ቢነካው ግፊት ሳይጠራቀም ቶሎ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ወደ ጠርሙስ ወይም ወደ ሌላ የቤት ዕቃ ከገለበጣችሁት ያ ጥበቃ ይቀራል፤ የትኛው ባሩድ እንደሆነም ይጠፋችኋል። ስሙ የጠፋ ባሩድ ደግሞ ይወገዳል እንጂ አይሞላም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቁጥር 495 ለመኖሪያ ቤት በመጣበት ጣሳ እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድና እስከ 10,000 ፕራይመር ይፈቅዳል። የአፓርታማ ኪራይ ውላችሁ ግን ጭራሽ ሊከለክል ይችላልና አንብቡት።

ሌላው የኛ ፈተና ይሉኝታ ነው። ኢላማ የሚተኮስበት ሬንጅ ላይ ወዳጃችሁ «እስቲ ከሞላሃት አቅምሰኝ» ይላችኋል። እምቢ ማለት ስስት ይመስላል። እኔ ለማንም አልሰጥም፤ የማንንም አልተኩስም። ለሚቀርበኝም ሰው ቢሆን። አንድን ጥይት የሞላሁት የራሴን መሣሪያ አውቄ ነው። የሱ መሣሪያ ያረጀ ይሁን፣ ጠባብ ይሁን አላውቅም። ብዙ አምራቾችም ቤት በተሞላ ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትና አይሰጡም። ጓደኛዬ እጁን ካጣ በኋላ ይሉኝታዬ ምን ይጠቅመዋል? ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለራስ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሥራት ግን የአምራች ፈቃድ ይጠይቃል።

ሕጉ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚህ ብዙ ወገን ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል። በፌዴራል ሕግ «ጥይት» ሲባል የተገጣጠመው ብቻ አይደለም። ቀለሁም፣ ፕራይመሩም፣ አረሩም፣ ባሩዱም ለየብቻው ጥይት ነው። ስለዚህ ጥይት መያዝ የተከለከለ ሰው አንድ ፓኬት ፕራይመር እንኳ መያዝ አይችልም። ወረቀት የሌለው ሰው ተከልክሏል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለም፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተዘረዘረ ነገር ከሌለው፣ እንዲሁ። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትም ተከልክሏል። ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ክልከላ ከሌለበት ይችላል። ከኢሚግሬሽን ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ግን ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይነካው።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የባሰ ጥብቅ ነው። የከተማዋ ሕግ ባዶ ቀለህን ጭምር ጥይት ይለዋል። በስሙ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው መያዝ አይፈቀድለትም። ቨርጂኒያ ተኩሶ ቀለሁን በኪሱ ይዞ ድልድዩን የሚሻገር ሰው ይህን ይወቅ። ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ሬንጅ የምትወስዱትን ቦርሳ ለጉዞ አትጠቀሙበት። ከስፌቱ ሥር የተረሳች አንዲት ፍሬ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስንት መከራ ታመጣለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንባቢም ይህ የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል።

«አገራችን በጥይት እየደማች አንተ ስለ ጥይት መዝናኛ ትጽፋለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ሐዘኑን እጋራዋለሁ። ማንም መሣሪያ እንዲገዛ አልገፋፋም። ቤቱ ሰላም የሌለው፣ የሚጠጣ፣ ከራሱ ጋር የተጣላ ሰው ከዚህ ነገር እንዲርቅ በግልጽ እነግረዋለሁ። የምጽፈው ቀድሞውኑ በሕግ መሣሪያ ላላቸው፣ ወረቀት ላይ ለሚተኩሱና ለሚያድኑ ሰዎች ነው። እነሱ ቪዲዮ አይተው፣ ማሽን በፖስታ አዝዘው ብቻቸውን መጀመራቸው አይቀርም። በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ጥሩ ምክንያት የምለው መሣሪያን ማወቅ ነው። አንድ ዓይነት አረር ይዛችሁ የባሩዱን መጠን መመሪያው በሚፈቅደው ውስጥ በጥቂቱ ስትለውጡ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሲሰበሰቡና ሲበተኑ ታያላችሁ። የምሽት ጸጥታ፣ የሚዛኑ ጥንቃቄ፣ ስልክ መዝጋት፣ በደብተር መመዝገብ። ይህን የሚወድ ሰው ሳይሰለች ዕድሜ ልኩን ይሠራዋል። የማይወድ ሰው ከመደብር ይግዛ፤ ምንም አልቀረበትም።

ልጀምር ያላችሁ፣ መጀመሪያ ማሽን ሳይሆን መጽሐፍ ግዙ። ላይማን፣ ሆርናዲና ስፒር የሚያሳትሟቸው መመሪያዎች አሉ። የቁጥር ሰንጠረዦቹን ለጊዜው ዝለሉና የፊተኞቹን ምዕራፎች አንብቡ። የባሩድ መጠን ከቴሌግራም፣ ከዩቲዩብ ወይም ከጓደኛ ትዝታ አይወሰድም። ከመመሪያው ዝቅተኛው ቁጥር ትጀምራላችሁ እንጂ ከላይኛው አይደለም። አረሩ ወይም ባሩዱ ከተቀየረ ቁጥሩም ይቀየራል። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይኑር። ናሽናል ራይፍል አሶሲዬሽን ለዚሁ የተዘጋጀ ኮርስ አለው፤ በአካባቢያችሁ ካለ ግቡ። ከዚያ ባለ አንድ ደረጃ ፕሬስ፣ አንድ ሚዛን፣ ለአንድ ካሊበር፣ ማለትም ለአንድ የጥይት ልክ፣ የሚሆን ዳይ፣ የዐይን መከላከያ መነጽር። መጀመሪያ አሥር ጥይት ብቻ ሙሉ። አሥሩን ተኩሱ፤ ቀለሆቹን አንድ በአንድ አገላብጣችሁ እዩ። ፕራይመሯ ተጠፍጥፋ ከሆነ ወይም ከቀለሁ ሥር አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ፣ አሥራ አንደኛውን ከመሙላታችሁ በፊት ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።