ዋሽንትና ድሮን

የካቲት 23 ሲቃረብ ቴሌቪዥናችን ይዘምታል። ድሮኑ ተራራ ለተራራ ይበራል፣ ዋሽንቱ ይንቆረቆራል። ከዚያ ያ ድምፀ ጎርናናው ሰውዬ «ያኔ…» ብሎ ሲጀምር ደሴ ፒያሳ ያለው ቡና ቤታችን ጸጥ ይላል።

ዘማቾቹ ብቅ ሲሉ ግን ሳቄ ያመልጠኛል። ጋቢው ገና ከሱቅ እንደወጣ ያስታውቃል፤ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልለቀቀም። ከሸዋ አድዋ ድረስ በእግሩ የኳተነ ሰው እንዲህ ይነጣል? ስንቅ የሚባል ነገርም አያውቁም። በሶ የሚበጠብጥ የለም፣ ጭኮ የሚቆርስ የለም። አህያማ ጭራሽ አልዘመተም። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በሦስት ፈረስ ነው የተወከለው፤ እነሱኑ እያዞሩ ያስጋልቧቸዋል። አንዱ ቡላ ፈረስ አራቴ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። መሀል ላይ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ገባ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ይኸው፣ በምን እንዳጠቡት ነገሩን» አሉ።

ሬዲዮ ደግሞ ጥያቄና መልስ ይወዳል። «አድማጫችን፣ የአድዋ ድል በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» «በ1928!» «ኧረ በጣም ተጠግተዋል!» 40 ዓመቱ እንደ ዋዛ ታለፈና የካርድ ሽልማቱ ተሰጠው።

1928ም ቢሆን የራሱ ጉድ አለው። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የአሜሪካኖቹን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖችን እንኳ አልማሩም። አፄ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ ፎቶ ተነሱ። ቴሌቪዥኑ ከዚያ ቀን የሚያውቀው ይህችን ፎቶ ብቻ ነው። ካሜራው ይጠጋታል፣ ይጠጋታል፣ ከዚያ ዋሽንት።

አምና ለቀረጻ መጥተው አንዲት ጎረቤታችንን አዲስ ጋቢ አልብሰው፣ የጦሳን ተራራ ከኋላቸው አድርገው አስቀመጧቸው።

«እማማ፣ ያን ዕለት ምን ተሰማዎት?»

«አብሽር ልጄ፣ እኔ የተወለድኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው።»

ጋዜጠኛው አልተበገረም። «ቢሆንም?»

እሳቸውም እናታቸው የነገሯቸውን አወሩ። እንጀራ ምጣድ ላይ ጥለው እንደሮጡ። ማታ ሲመለሱ እንጀራው ከስሎ ምጣዱ ግን ደህና እንደነበር። በዚያው ምጣድ ለዓመታት እንደጋገሩበት።

ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ሰፈሩ ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰበሰበ። የምጣዱ ነገር የለም፤ በቦታው ድሮን ገብቷል። ከእሳቸው የቀረው «እህህ…» ያሉት ብቻ ነው፤ ዋሽንት አጅቦት ሆድ ያባባል። ለነገሩ እሱን ያሉት ቀረጻው አልቆ ሲነሱ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው።