ሪያድ ስትሄድ ውል አላት፣ ቦሌ ስትቀጠር ግን የላትም

አንዲት ወጣት ሪያድ ሄዳ የቤት ሠራተኛ ልትሆን ብትነሣ መንግሥት ብዙ ነገር ይጠይቃል። ዕድሜዋ 18 መሙላቱን ያያል። የጤና ምርመራ ታደርጋለች፤ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። የሥራ ውሏን መንግሥት አይቶ ያጸድቀዋል። ኢንሹራንስ ይገባላታል። የምትሄድበት አገር ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ካልተፈራረመ ደግሞ ጭራሽ አትላክም። ይህን ሁሉ የደነገጉት የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በ2013 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው ናቸው።

ያችው ልጅ ከጎጃም ወይም ከወሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብታ ቦሌ አንድ ቤት ብትቀጠርስ? የመንግሥት አካል ምንም አይጠይቅም። ደላላው ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ አሠሪዋ ተያዥ ትጠይቃለች፣ አለቀ። የተጻፈ ውል የለም። ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ መቼ እንደምታርፍ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት የተነገረ ነገር የለም። ዕድሜዋ 13 ቢሆን እንኳ የሚያጣራ የለም።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት በወረቀቱ ተጠብቀዋል ማለቴ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው የተመለሱበትን ሁኔታ ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። መንግሥት በዚያው ዓመት ጉዞውን አገደ፤ ቆይቶም አዲሱን አዋጅ አወጣ። ዛሬም በደል አለ። ግን ቢያንስ መንግሥት የሰው ቤት መሥራት ሥራ መሆኑን፣ ውል እንደሚያስፈልገው ተቀብሏል። የተቀበለው ግን ለውጭ አገሩ ብቻ ነው።

የአገር ውስጡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ብዙ ነገር ያስቀምጣል። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ትሠራለች። በሳምንት 24 ሰዓት ሳይቆራረጥ ታርፋለች። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አላት። ስትወልድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነደመወዟ ታገኛለች። ከ15 ዓመት በታች ያለች ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ዕድሜዋ ከ15 እስከ 18 ከሆነ ከ7 ሰዓት በላይ አትሠራም፣ ሌሊትም አትሠራም።

ይኸው አዋጅ ግን በአንቀጽ 3 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ያወጣል። የቤት ሠራተኛዋ እዚህ ላይ ትወድቃለች። የእነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። ይህ ቃል አዲስ አይደለም። ከሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ውስጥም ነበር። አዋጁ ተቀየረ፣ ቃሉ ወደ አዲሱ ተሸጋገረ፣ ደንቡ ግን አልወጣም። እስከዚያው የሚያገለግላት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም አሠሪ አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ስለ ማደሪያዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ጊዜዋ ተገቢውን እንዲያደርግ ያዛል። ተገቢው ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ መልስ እኛው ቤት ውስጥ ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» እንላለን። ብዙዎች ከልባቸው ነው የሚሉት። ያስተማሩ፣ የዳሩ፣ ያሳከሙ አሠሪዎች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ልጃችን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አትቆምም። ልጃችን ሁሉም በልቶ እስኪነሣ አትጠብቅም። ልጃችን ብታረግዝ በማግሥቱ ሻንጣዋ በር ላይ አይቀመጥም። ዝምድናው የሚጠራው ሥራ ሲበዛ ነው። ደመወዝ ይጨመርልኝ ስትል ግን ባዕድ ትሆናለች፤ «አብልቼ አጠጥቼ» ይባልባታል። ደመወዟም ብዙ ጊዜ «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ አሠሪዋ ጋር ይቀመጣል። ተጣልታ ስትወጣ ስንት ወር እንደተጠራቀመ የሚመሰክርላት ሰው የለም። ወረቀትም የለም። የአሠሪ ደግነት ጥሩ ነገር ነው፤ ክፉ አሠሪ ላይ የወደቀችውን ግን ማዳን አይችልም። ለዚያ ነው መንግሥት የሚያስፈልገው።

በማኅበር ተደራጅታ እንዳትጠይቅ፣ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ በአንድ ድርጅት 10 ሠራተኛ ይፈልጋል። እሷ በቤቱ ብቻዋን ናት። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሲጀመር፣ አሠሪና ሠራተኛ እንዲያዋጡ ሲደረግም እሷ አልተካተተችም። ሃያ ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋ፣ ጉልበቷ ሲደክም ባዶ እጇን ትወጣለች።

መንግሥት የሰው ጓዳ ገብቶ እንዴት ይቆጣጠራል የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው፣ የመኖሪያ ቤት ፋብሪካ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ በፈለገ ሰዓት አያንኳኳም። ግን ይህ ሕግ ላለማውጣት ምክንያት አይሆንም። ባል ሚስቱን መምታቱም ጓዳ ውስጥ የሚሆን ነው፤ ወንጀል ከመሆን ግን አልዳነም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ለቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ወሰነች። በ2003 ደግሞ የሥራ አጥነት መድን ውስጥ አስገባቻቸው። አንዲት ሠራተኛ በአሠሪዋ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሰጥማ በመሞቷ የተነሣው ክርክርም እ.ኤ.አ. በ2020 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተቋጨ፤ በሥራ ላይ ጉዳት የካሳ መብት እነሱንም ይመለከታል ተባለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት 189ኛ ስምምነቱን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ደቡብ አፍሪካ ተቀብላዋለች፣ ኢትዮጵያ ገና ናት።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ክርክር ነው። አሠሪዋ ራሷ ደመወዟ ከወር ወር የማያደርሳት አስተማሪ ወይም ነርስ ልትሆን ትችላለች። ሠራተኛ የቀጠረችው ለምቾት ብላ አይደለም፤ ልጇን የምታውልበት ስለሌላት ነው። ወጪው ቢጨምርባት ከሥራ የምትቀረው እሷው ናት። ይህን መናቅ አይገባም። ግን ሸክሙ ለምን ከገጠር በመጣች ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ ይደረጋል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ በደንብ ቢሠራ፣ በየወረዳውም አቅምን ያገናዘበ ማቆያ ቢከፈት፣ የነርሷም የሠራተኛዋም ችግር ባንድ ላይ ይቀል ነበር። ችግሩ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚባለው መሥሪያ ቤት ለሁለት መከፈሉ ነው። ሥራው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደ። የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ የሁለቱም ነው። ሁለቱም ካልተነጋገሩ የማንም አይሆንም።

ከሚኒስትሮች ምክር ቤት የምጠብቀው ደንብ ረጅም መሆን የለበትም። የአንድ ገጽ የውል ቅጽ ይውጣና ወረዳ ላይ ይመዝገብ። ደመወዟ በራሷ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ በአሠሪዋ እጅ አይጠራቀም። ከ15 ዓመት በታች ያለች ልጅ ያመጣ ደላላም የቀጠረም ይጠየቅ። በቀን የማይነካ የዕረፍት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይኑራት። ስትሰናበት ማስጠንቀቂያ ይሰጣት፤ ለሊት ተባርራ መንገድ ላይ አትደር። ተበደልኩ ስትል ያለ ጠበቃ፣ ያለ ክፍያ የሚሰማት አንድ ሰው ወረዳው ላይ ይመደብ። ያ ቢሮ እሑድም ክፍት ይሁን፤ ብዙዎቹ ከቤት መውጣት የሚፈቀድላቸው እሑድ ብቻ ነው።